የድሮ ቪታራና ራቭፎር ዝገት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴም ኮምቦልቻም የድሮ ሱዙኪ ቪታራና ቶዮታ ራቭፎር ሞልቷል። ትንንሾች ናቸው፣ ዳገት ይወጣሉ፣ ኮረኮንቹንም ኮብልስቶኑንም ይችሉታል። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ከወጣ ወዲህ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት የማይቀመስ ሆነ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ፣ ስለዚህ ሰው የሃያና የሠላሳ ዓመት መኪናውን ይዞ መቆየት ግድ ሆኖበታል። ሞተር ቢደክም ወርዶ ይታደሳል። ፍሪሲዮን ቢያልቅ ይቀየራል። ከስር የበሰበሰ መኪና ግን ሌላ ነገር ነው። ቤተሰቡን ጭኖ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ከሞተሩ በፊት ስለ ብረቱ መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ዝገቱ የላይ ይሁን አደገኛ በምን ልለየው?

ሁሉም ዝገት እኩል አይደለም። የበር ግርጌ ላይ ያበጠ ቀለም፣ ኮፈን ጫፍ ላይ ያለ ቡናማ ነጥብ፣ ኋላ በሩ ላይ ስኮርታው በተሰቀለበት ዙሪያ ያለ ዝገት ያስጠላል፣ ዋጋ ያወርዳል፣ ግን መኪናውን አያፈርሰውም። አደገኛው ሸክም የሚይዘውን ብረት የያዘው ነው። ሻንሲው፣ ከበር ስር ያለው ደፍ፣ ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) የሚታሰርበት ቦታ፣ ሞላ የሚቀመጥበት፣ የደህንነት ቀበቶ የታሰረበት ወለል። እነዚህ ከተበሉ መኪናው ከውጭ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ሲጋጭ አያድናችሁም።

መሣሪያው ትንሽ መዶሻና ካቻቢቴ ነው። በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ከስር እንዳትገቡ፤ ጋራዥ ጉድጓድ ላይ አስቁሙት ወይም በጠንካራ መደገፊያ አስደግፉት። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አራግፉና በመዶሻው ነካ ነካ እያደረጋችሁ ሂዱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ መዶሻውም ነጥሮ ይመለሳል። የበሰበሰው ዱፍ ይላል። ቅርፊት ይራገፋል፣ አንዳንዴም ውስጡ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከተሠራው ብረት ውስጥ የዝገት ዱቄት ሲንሿሿ ይሰማል። ከዚያ የተጠራጠራችሁትን ቦታ በካቻቢቴ ጫን አድርጉት። ከገባ፣ እዚያ የቀረው ቀለም ብቻ ነበር ማለት ነው። ባለቤቱ «መኪናዬን በሳችሁብኝ» ቢል አትሸማቀቁ፤ ካቻቢቴ ጤነኛ ብረት አይበሳም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወፍራም ቅርፊት ስላያችሁ ብቻ አለቀለት አትበሉ። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ የዝገቱ ውፍረት ከተበላው ብረት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አራግፋችሁ ከስር የቀረውን ካያችሁ በኋላ ነው መፍረድ።

ቪታራና ራቭፎር ላይ የት የት ልይ?

መጀመሪያ አሠራራቸው እንደሚለያይ እወቁ፣ ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ ነው የሚሳሳተው። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ቪታራ፣ ከ1998 እስከ 2005 የተሠራው ግራንድ ቪታራም፣ ልክ እንደ ፒክአፕ ራሱን የቻለ ሻንሲ አላቸው። ቦዲው በብሎንና በጎሚኒ ከላይ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ የመጣው ግራንድ ቪታራ ሻንሲው ከቦዲው ጋር አንድ ላይ ተበይዷል። ራቭፎር ደግሞ ከ1994 ጀምሮ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ሸክሙን የሚይዘው ቦዲው ራሱ ነው።

ይሄ ምን ለውጥ ያመጣል? የድሮ ቪታራ ላይ ደፉ ቢበሰብስ መጥፎ ነው፣ ግን ዋናው ሸክም ሻንሲው ላይ ስለሆነ ጊዜ ይሰጣችኋል። ራቭፎር ላይ ደፉ ራሱ የመኪናው አጥንት ነው። እሱ ከተበላ መኪናው መሐሉ ላይ ይረግባል፣ በሮቹ ሲዘጉ መንካት ይጀምራሉ።

ቪታራ ላይ ከሁሉ በፊት ኋላ ጎማው አካባቢ ሂዱ። ሻንሲው ከአክስሉ በላይ ለማለፍ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ እዚያ እጥፋት ላይ ጎማው የሚረጨው ጭቃ ሁሉ ይከማቻል። ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት አክስሉን የሚይዙት ብራቾዎች ከሻንሲው ጋር የሚታሰሩበት አለ፣ እሱን በደንብ መታ መታ አድርጉት። የሞላውን መቀመጫ፣ ቦዲው ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸውን ጎሚኒዎች ዙሪያ፣ ነዳጅ የሚሞላበትን ቱቦም እዩ።

ራቭፎር ላይ የደፉን የኋላ ጫፍ፣ የኋላ ጎማውን ቅስት ከውስጥ በኩል፣ ክሪክ የሚገባበትን ቦታ፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ የፊት ሾካብዞርበር ከላይ የታሰረበትን እዩ። ከኋላ በኩል ደግሞ ብራቾዎቹንና የብሎኖቻቸውን ጥርስ። ቶዮታ በ2012 እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2011 የተሠሩ ራቭፎሮችን አሜሪካ ውስጥ ለጥገና መልሶ የጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። አላይመንት ተሠርቶ ዳዶው በሚገባ ሳይጠብቅ ሲቀር የብራቾው ጥርስ ይላላል፣ ይዝጋል፣ መጨረሻ ላይ ብራቾው ሊላቀቅ ይችላል። እዚህም አላይመንት አሠርታችሁ ከወጣችሁ በኋላ የኋላው ዳዶ መጥበቁን ዓይታችሁ ሂዱ።

እኛ አገር መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፣ ታዲያ ለምን ይዝጋል?

ጨው ከመኪናው ጋር ነው የመጣው። ከአውሮፓ የገቡት ብዙዎቹ እዚያ በረዶ ለማቅለጥ በሚበተን ጨው ላይ ለዓመታት ሲነዱ ኖረዋል። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ ዝገቱን ያፋጥነዋል፣ በየሳጥኑና በየስፌቱ ከገባ ደግሞ በላቫጆ ውሃ አይወጣም። ምን ያህል እንደሚበላ ለማወቅ የሆንዳን ጉዳይ ማየት ይበቃል። በ2023 እ.ኤ.አ. ሆንዳ ከ2007 እስከ 2011 የተሠሩ ከ560 ሺህ በላይ ሲአር-ቪ መኪኖችን ጨው ከሚበተንባቸው የአሜሪካ ግዛቶች ጠራ፣ የኋላው ፍሬም ዝጎ የኋላው ብራቾ ሊላቀቅ ስለሚችል። ኩባንያው ራሱ ነው ይሄን ያለው። ፍሬሙ የማይጠገን ከሆነም መኪናውን መልሶ ለመግዛት ተስማምቷል።

እዚህ ከገቡ በኋላ የሚጨመረው ደግሞ ጭቃ ነው። ደሴ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አያባራም፣ በልጉም አለ፣ ጉሙም አለ። ጭቃ ውሃ ይዞ ይቆያል። ላዩ ደርቆ ቢታያችሁ ውስጡ ለሳምንታት እርጥብ ነው፣ ብረቱ ደግሞ የሚበላው በዚያን ጊዜ ነው። የኩታበርን ወይም የገጠሩን ኮረኮንች የሚሠራ መኪና ላይ ጠጠሩ የስሩን ቀለም ይልጠዋል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። በባቲ አድርገው ወደ ሚሌና ሰመራ፣ ከዚያም አልፈው አፍዴራ የጨው ሐይቁ ድረስ የሚወርዱ ሰዎች አሉ። እነሱ ሲመለሱ ኮምቦልቻ ላይ ሳያድሩ የመኪናቸውን ሆድ በብዙ ውሃ ቢያሳጥቡ ጥሩ ነው። ላዩን አይደለም ያልኩት፣ ሆዱን።

ሌላው የማይታሰበው የውሃ መውጫ ቀዳዳ ነው። በሮቹና ደፉ ከስር ትንንሽ ቀዳዳ አላቸው፣ ፋብሪካው ሆን ብሎ የሠራቸው። ጭቃ ይደፍናቸዋል። ቀለም ቀቢም ስቱኮ ይሞላባቸዋል። ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ በሩም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። በቀጭን ሽቦ ክፈቷቸው። አምስት ብር አያስወጣችሁም።

ሐረጎን ስወርድ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው። ዝገት ፍሬን ይነካል?

ይነካል። ለእኔ ከሻንሲውም ቀድሞ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው ያን ሁሉ የምትወርዱት፣ ያውም በጥምዝምዝ፣ ከፊትም ከኋላም የጭነት መኪና እያለ። የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፈው ቀጭን የብረት ቱቦ ከሻንሲው ጋር ተጣብቆ ወደ ኋላ ይሄዳል። በየመያዣው ስር ጭቃ ይቀመጣል፣ ቱቦውም እዚያው ይበላል። ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ ስትይዙ ችግር የለም። በድንገት አጥብቃችሁ የረገጣችሁ ቀን ግን ግፊቱ ይጨምርና የሳሳው ቦታ ይፈነዳል። ፔዳሉ ይሰምጣል። እነዚህ መኪኖች የፍሬን መስመራቸው ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቀራል፣ ግን በግማሽ ፍሬን ሐረጎ ላይ መቆም ቀላል አይደለም።

ስለዚህ መያዣዎቹን አስፈትታችሁ ቱቦውን በጣታችሁ ዳብሱት። ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። ከሻከረ፣ ካበጠ ወይም ከረጠበ አስቀይሩት። የተበላውን ቦታ ብቻ ቆርጦ መቀጠል ርካሽ ይመስላል፣ ግን አንዱ ጋ ከሳሳ ቀሪውም ዕድሜው ያው ነው። ሙሉውን መስመር አስቀይሩ። ለፍሬን ተብሎ የተሠራ ቱቦ ይሁን እንጂ የተገኘው ቱቦ አይሁን። የፍሬን ዘይቱ መጠን ያለምክንያት ከቀነሰም ሞልታችሁ አትለፉት፣ የት እንደሄደ ፈልጉ።

ቦዲ ሠሪው «በፋይበርና በስቱኮ እንዝጋው» አለኝ፣ ይሁን?

በር ላይ፣ ፓራፋንጎ ላይ ከሆነ ገንዘብ እስክታገኙ ያስኬዳል። ዝገቱን ግን ያቆመዋል ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ከስር መብላቱን ይቀጥላል፣ ክረምት ሲያልፍ ደግሞ እዚያው ያብጣል።

ደፍ፣ ሻንሲ ወይም ወለል ላይ ከሆነ በፍጹም። ስቱኮ ክብደት አይሸከምም። ቅርጽ ነው የሚሰጠው። ይባስ ብሎ የበሰበሰውን ይሸፍነዋል፣ ቀጥሎ የሚገዛው ሰውም ልጆቹን ጭኖ ምንም ሳያውቅ ይነዳዋል። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ሠሪው እጁ ጥሩ ሆኖ ሳለ ባለመኪናው «ብቻ ይመር» ስለሚለው ነው ብዙ ጊዜ የሚሠራው፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሁለቱም ነው።

ሻንሲ መበየድ ይቻላል? እንዴት ነው መሠራት ያለበት?

ይቻላል። ደሴም ኮምቦልቻም ጎበዝ በያጆች አሉ፣ የጭነት መኪና ሻንሲ ሲሠሩ ነው የሚውሉት። ችግሩ ችሎታ ላይ ሳይሆን ችኮላ ላይ ነው። ልክ ሥራውን ስትሰጡ እነዚህን ተነጋገሩ።

የበሰበሰው መጀመሪያ ተቆርጦ ይውጣ። ዝገት ላይ ላሜራ ደርቦ መበየድ አይያዝም፣ ብየዳው የሚጣበቀው ጤነኛ ብረት ላይ ብቻ ነው። ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ይቆረጥ፣ ከታሰበው በላይ ቢሰፋም ይስፋ። የሚተካው ብረት ውፍረቱ የመጀመሪያውን ያህል ይሁን። የቦዲ ላሜራ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፣ ሻንሲ ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሻንሲ ላይ የለጠፈ ሰው አይቻለሁ፣ ያ ጥገና አይባልም። ደግሞም ቆርቆሮው ላይ ያለው ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ለበያጁ ጤና መጥፎ ነው።

ለቀጭኑ ላሜራ ሲኦቱ (በጋዝና በቀጭን ሽቦ የሚሠራው) ብየዳ ይሻላል፣ ተራው የኤሌክትሮድ ብየዳ ይበሳዋል። ለሻንሲው ኤሌክትሮዱም በጥሩ እጅ ይሠራል። ነጥብ ነጥብ ብቻ አድርጎ መተው አይበቃም፣ ዙሪያውን ይዘጋ። ራቭፎር ላይ ደፍ ከመቆረጡ በፊት መኪናው ከስር በሚገባ ይደገፍ፣ በሮቹም እንደተዘጉ ክፍተታቸው ይታይ፤ አለዚያ ሲጣበቅ ረግቦ ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ በር አይዘጋም።

ባትሪው ይነቀል። ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ቅርብ ከሆነ ይውረድ፣ የነዳጅ ቱቦውም ይራቅ። ምንጣፉና ከስሩ ያለው ስፖንጅ ይነሳ፣ በያጁ ከስር ሲሠራ ውስጥ ውሃ ወይም ማጥፊያ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ይቀመጥ። ከስር እሳት እንደተነሳ በያጁ አያይም።

ብራቾ ከበሰበሰ አይበየድም። ይቀየራል፣ ያገለገለም ቢሆን ጤነኛ ፈልጋችሁ።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፣ የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ቦታ ማንም እንዳይፍቀው ወይም እንዳይበይደው። ከሊብሬው ጋር ካልተመሳከረ ስም ሲዛወርም ዓመታዊ ምርመራ ላይም ጣጣው ብዙ ነው።

ተበይዶ ካለቀ በኋላስ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሥራ ከንቱ የሚቀረው። የተበየደ ብረት ቀለሙ ተቃጥሎ እርቃኑን ስለሚቀር ከሌላው ቦታ ፈጥኖ ይዝጋል። ከውጭ ጸረ ዝገት፣ ከላዩ ቀለም፣ ስፌቱ ላይ ማሸጊያ። ከውስጥ ደግሞ በቀዳዳው በኩል ሰም ወይም ለሳጥን ብረት የሚረጭ ዘይት ይገባ። የውጩን አሳምሮ ውስጡን የተወ ሥራ ሁለት ሦስት ክረምት እንጂ ከዚያ አይዘልም።

የተቃጠለ ዘይት ከስር መቀባት ይጠቅማል?

ውሃ ስለሚከላከል ትንሽ ይጠቅማል፣ ለዚህም ነው ሰው የሚወደው። እኔ ግን አልመክርም። ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፣ ፍሬን ሸራና ዲስክ ላይ ከደረሰ አደጋ ነው፣ አቧራ ይይዛል፣ የሚንጠባጠበውም ዝናብ ሲመጣ ቦርከና ነው የሚገባው። ቆሻሻ ዘይት ስለሆነ ለቆዳም አይሆንም። ግሪስ ወይም ሰም ያለው የስር ቅባት ዋጋው ከፍ ቢልም ይቆያል። ከመቀባቱ በፊት ግን ብረቱ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፣ እርጥብ ላይ የተቀባ ነገር ውሃውን አሽጎ ነው የሚያስቀምጠው።

ዝገት ለዋጭ የሚባለው ፈሳሽስ? ኮካ ኮላስ?

ለዋጩ የላይ ዝገትን ወደ ጥቁር የማይላጥ ነገር ይለውጣል፣ ለቀጭን ዝገት ጥሩ ነው። የተበላውን ብረት አይመልስም። ኮካ የዛገ ብሎን ሊያላላ ይችላል፣ ከዚያ ውጪ ስኳሩን ማጠብ ነው የሚተርፋችሁ።

ቦሎ ወስዷል፣ ታዲያ ምን ያስጨንቀኛል?

ቦሎው መኪናው በምርመራው ቀን ማለፉን ነው የሚናገረው። መርማሪ ስቱኮ ፍቆ፣ ምንጣፍ ገልጦ፣ ደፍ በመዶሻ መትቶ አያይም። እናንተ ግን ማየት ትችላላችሁ።

ልገዛ ነው፣ ደላላው ያጣድፈኛል። ምን ላድርግ?

ቀለሙ አዲስ ከሆነ መጀመሪያ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። ከስር ያለው ጥቁር ቅባት ገና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ይበልጥ ጠርጥሩ፣ ሰው የሠላሳ ዓመት መኪናውን ሆድ ሊሸጠው በተነሳበት ሳምንት የሚቀባው በአብዛኛው ለመሸፈን ነው። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ደፉና የኋላ ቅስቱ ላይ አሂዱት። የማይስብበት ቦታ ስቱኮ ወይም ፋይበር ነው። በሮቹን አንድ በአንድ ክፈቱና ዝጉ፣ ከፍ ተደርጎ ካልሆነ የማይዘጋ በር ካለ ማጠፊያው ወይም ቦዲው ረግቧል። ምንጣፉን ግለጡ። የእግር ማሳረፊያው ስር እርጥበት ካለ፣ ወለሉ ላይ ቀዳዳ ፈልጉ። በዚያ ቀዳዳ ውሃ ብቻ አይደለም የሚገባው፣ ማርሚታው ከተበሳ ጭሱም ይገባል። የጭስ ማውጫ ጋዝ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፣ ብርድ ነው ተብሎ መስኮት ተዘግቶ ሲኬድ ራስ ምታትና እንቅልፍ የሚያመጣው እሱ ነው።

ከዚያ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ውሰዱት። መካኒኩን እናንተ ምረጡ፣ ክፍያውንም እናንተ ክፈሉ። ሻጩ «ከስር አይታይም» ካለ ሌላ መኪና ፈልጉ፣ ቪታራ ሞልቷል።

መጠገን የማያዋጣው መቼ ነው?

ቪታራ ላይ ሻንሲው አንድ ሁለት ቦታ ከተበላ ይሠራል። ብዙ ቦታ ከሆነ ግን፣ በተለይ ግራና ቀኙ አንድ ላይ፣ ጥገናው መቆሚያ የለውም፤ ያኔ ሻንሲው ጤነኛ የሆነ፣ ግን የተገለበጠ ወይም ሞተሩ የተቃጠለ መኪና ፈልጎ ቦዲ ማዛወር ይታሰባል፣ ወረቀቱን አስቀድማችሁ ከመንገድ ትራንስፖርት ጋር ጨርሳችሁ። ራቭፎር ላይ ሁለቱም ደፍ፣ ወለሉና የኋላ ብራቾ ማሰሪያው አንድ ላይ ከሄዱ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ለመለዋወጫ መሸጥ ይሻላል። ከባድ ውሳኔ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ብዙ ቤተሰብ ያለው ሀብት እሱ ብቻ ነው። ግን ለማያውቅ ሰው በስቱኮ ሸፍኖ መሸጥ አማራጭ አይደለም።

በዓመቱ ውስጥ መቼ ላሠራው?

ከጥቅምት እስከ ጥር። ክረምቱ አልፎ፣ በልጉ ሳይመጣ። መኪናውን በመስከረም መጨረሻ ሆዱን አሳጥቡ፣ ቀዳዳዎቹን ክፈቱ፣ ፀሐይ ላይ ጥቂት ቀን ይቁም፣ ከዚያ ውሰዱት። ቀለምና ማሸጊያ በእርጥብ አየር አይያዝም፣ ጉም ባለበት ጠዋትም አይቀባ። ኮምቦልቻ ከደሴ ሞቅ ስለሚል የቀለሙንና የስር ቅባቱን ሥራ እዚያ ማሠራት ይቻላል። ክረምት ላይ ቀዳዳ ያገኛችሁ እንደሆነ ሸክም የሚይዝ ብረት ከሆነ አሁኑኑ ይበየድ፣ ማሳመሩ ለጥቅምት ይቆይ።